የሁለተኛው ሐኪም ቦታ

«እና ከሞትኩ በኋላ ልመለስ?» ስትል ሰማኋት ልጄን፣ በስልክ።

የሰማሁት በጠዋት፣ መታጠቢያ ቤት ሆኜ ነው። እኔ በር ላይ ጆሮዬን የምለጥፍ ሴት አይደለሁም፤ ጥፋቱ የግድግዳው ነው። አማቼ በገዛ እጁ ያቆመው የጣውላ ግድግዳ ስለሆነ፣ በወዲያ በኩል ሽንኩርት ሲከተፍ በወዲህ በኩል ያስለቅሳል። ሰው ሠራሽ ጥርሴ ገና ብርጭቆው ውስጥ ነበር። ጥርሴን ሳላደርግ ደግሞ ከማንም ጋር አልነጋገርም፤ ስለዚህ ከማዳመጥ በቀር ምን አማራጭ ነበረኝ? «አንደኛው ሐኪም ፈርመውልኛል እኮ» ትላለች። «ሁለተኛው ናቸው የቀሩት። ሐሙስ አሉኝ፣ ሐሙስ መጣሁ። ሰኞ አሉኝ፣ ሰኞ መጣሁ። ዛሬ አሥራ ሁለት ሳምንት ይሞላኛል፤ ከዚያ ካለፈ ሕጉ አይፈቅድም ያላችሁኝ እናንተው ናችሁ!» ከዚያ ያንን «ከሞትኩ በኋላ» የሚለውን ተናገረች፤ ከዚያ ስልኩን ዘግታ ድስት ማጠብ ጀመረች። የታጠበ ድስት ነው የምታጥበው። ማታ እኔው ነኝ ያጠብኩት።

ልጄ አውቶቡስ ጣቢያ ትኬት ትቆርጣለች። ቀኑን ሙሉ በአንዲት የመስታወት ቀዳዳ በኩል ከሰው ጋር ስትጨቃጨቅ ውላ፣ ቃሏን እዚያው ጨርሳ ነው ቤት የምትገባው። ሦስት ልጆች አሏት። ሦስተኛውን ስትወልድ ልቧ ሊቆም ምንም አልቀረውም ነበር፤ ሐኪሞቹም «ከእንግዲህ ብታረግዢ አንቺም አትተርፊ፣ እሱም አይተርፍ» ብለው በግልጽ ነግረዋታል። ይህን እኔም አውቃለሁ። ማርገዟን ግን አላወቅሁም። ስድስት ሰው በአንድ ሽንት ቤት በሚጋፋበት ቤት ውስጥ አሥራ ሁለት ሳምንት ደብቃኛለች! ጥርሴን አድርጌ ወጣሁና፣ «ለእናት የማይነገር ምን ነገር አለ?» አልኳት።

«ለአንቺ የማይነገር ብዙ ነገር አለ እማዬ» አለች፣ ድስቱን ሳታስቀምጥ። «አፍሽ...»

አፌ ምን እንደሆነ አልጨረሰችውም። እኔም አላስጨረስኳትም። ሃምሳ ዓመት ልብስ ሰፍቻለሁ፤ ሃምሳ ዓመት ሙሉ ከስፌት መኪናዬ ጀርባ ተቀምጬ ያልተረተርኩት ሰው የለም። የማን ልጅ ሆዷ ገፋ፣ የማን ልጅ ሆዷ ገፍቶ ጠፋ፣ ማን የት ሄዳ አስወረደች። ቀሚስ ለማስጠበብ የመጣች ሁሉ ወሬ ለማስረዘምም ትመጣ ነበር። ልጄ ደግሞ ያደገችው እዚያ ጠረጴዛ ሥር፣ ቁርጥራጭ ጨርቅ ላይ ተቀምጣ ነው። ስትሰማኝ ነው ያደገችው። ታዲያ አሁን ምን ልበላት? «ልበሺ» አልኳት።

«የት ልንሄድ?»

«ልናስፈርም።»

አውቶቡስ ውስጥ እሷ በመስኮቱ ታያለች፣ እኔ የፊት ለፊቷን ሴትዮ የኮት ኮሌታ አያለሁ፤ ተገልብጦ የተሰፋ ነበር። ሹፌሩ የሥራ ባልደረባዋ ስለሆነ እሷን አላስከፈላትም። እኔን ግን አስከፈለኝ። «እናቴ ናት» ብትለው፣ «እናትሽ ደግሞ መቼ ተቀጠሩ?» አላት። ከወረድን በኋላ በሩን በቡጢ መታሁለት። ልጄ ያኔ ፈገግ ያለች መሰለኝ፤ ግን ወዲያው ደረቷን ይዛ ቆመች፤ ሁለታችንም የመንገዱን መብራት የምንጠብቅ መስለን እስኪያልፍላት ቆምን።

ሆስፒታሉ አራት ፎቅ ነው፤ ሊፍት አለው፣ ሊፍቱ ላይ ደግሞ ወረቀት ተለጥፎበታል። ምን እንደሚል ባላነብም ገባኝ፤ የሚሠራ ሊፍት ላይ ወረቀት አይለጠፍም። ፊደል አልቆጠርኩም። ቁጥር ግን አውቃለሁ፤ ሜትር አንገቴ ላይ ተንጠልጥሎ ነው ያረጀሁት፣ የክፍል ቁጥር አያስቸግረኝም። ፊደል አለማወቄን ከልጄ በቀር የሚያውቅ የለም፤ እንዲያውቅም አልፈልግም። ወረቀት ሲሰጡኝ ክንዴን ዘርግቼ ራቅ አድርጌ አየውና «ወይኔ፣ መነጽሬን ረሳሁት» እላለሁ። መነጽር ኖሮኝ አያውቅም። እስከ ዛሬ መርፌ ላይ ክር የማስገባው በባዶ ዓይኔ ነው።

መዝገብ ቤት ያለችው ጸሐፊ ጥፍሯን ቀለም እየቀባች ነበር፤ አምስቱ ደርቋል፣ አምስቱ ገና ነው። ስለዚህ ወረቀት የምትይዘው በደረቀው እጇ ብቻ ነው፤ እሱንም በሁለት ጣት። ሕጉን ጠየቅኋት። ዓይኗን ጨፍና እንደ መዝሙር ወረደችው፦ አንደኛው ሐኪም እርግዝናው ለሴትየዋ ሕይወት አደገኛ መሆኑን ይጽፋል፤ ሁለተኛው ሐኪም መርምሮ አንደኛው እንዳልተሳሳተ ያረጋግጣል፤ ዋናው ሐኪም ማኅተም ያደርጋል፤ ሴትየዋ በፈቃዷ መሆኑን ትፈርማለች፤ ለሷ ደግሞ አንድ ምስክር ይፈርምላታል፤ ከዚያ በፊት ምክር ሰጪ ዘንድ ትቀርባለች፤ ከምክሩ በኋላ ሦስት ቀን ታስባለች። ይህ ሁሉ አሥራ ሁለት ሳምንት ሳያልፍ። ልጄ ምክሩንም ሰምታለች፣ ሦስት ቀንም አስባለች፣ ፊርማዋንም አኑራለች። «ሦስት ቀን ሙሉ ምን አሰብሽ?» ብላት፣ «የማስብበት ጊዜ መች ነበረኝና፣ ትኬት እየቆረጥኩ ነው ያሰብኩት» አለችኝ። እንግዲህ እኔ እንደገባኝ ሕጉ ሴትየዋ እንድትድን ይፈቅዳል፤ አስቀድሞ ግን ሁለት ሐኪሞች እንደማትድን መመስከር አለባቸው። ይሁን። የጎደለው የሁለተኛው ፊርማ፣ የዋናው ማኅተምና የምስክር ፊርማ ነበር፤ ምስክሩ እኔ ነኝ።

ሁለተኛው ሐኪም ክፍል አሥራ አራት ነው፣ ሦስተኛ ፎቅ። ወጣት ነው፣ ለልጄ ታናሽ ወንድም ይሆናል፤ ጋውኑ ነጭ ቢሆንም የግራ ኪሱ ከቀኙ ሁለት ጣት ዝቅ ብሎ ነው የተሰፋው። እንዲህ ያለ ኪስ ዝም ብሎ የለበሰ ሰው ቁርጥ ያለ ነገር እንደማይናገር ያኔውኑ ማወቅ ነበረብኝ። ትሁት ነው፤ ወንበር ስቦልኛል። የልጄን ልብ አዳመጠ፣ ፋይሏን አገላበጠ፣ «ትክክል ነው፣ አደገኛ ነው፣ በጣም አደገኛ ነው» አለ። «ታዲያ ፈርማ» አልኩት። እስክሪብቶውን ከኪሱ አወጣ፣ ክዳኑን ከፈተ፣ ክዳኑን ዘጋ፣ መልሶ ኪሱ ከተተው። «ባለቤትሽ ያውቃሉ?» አላት ልጄን። የባል ፊርማ ሕጉ ውስጥ እንደሌለ ጸሐፊዋ አሁን በጆሮዬ ነግራኛለች። ቢሆንም ልጄ ደወለችለት፤ ድምፁንም ለሁላችንም እንዲሰማ ከፈተችው። አማቼ የቧንቧ ሠራተኛ ነው። «ይፈርሙላታ!» ብሎ ጮኸ። «እሷ ከሌለች እኔ ሦስት ልጅ ምን... ያዘው! ያዘው! ወለሉን ሞላው እኮ!» ከዚያ ውሃ ሲንዠቀዠቅ ብቻ ተሰማ። ዶክተሩ ስልኩን ትኩር ብሎ አይቶ፣ «እንግዲህ በስልክ የተባለ ነገር ማስረጃ አይሆንም» አለ። «ለማንኛውም ዋናው ሐኪም መጀመሪያ ማኅተም ካደረጉበት፣ እኔ ዓይኔን ሳላሽ እፈርማለሁ።»

ዋናው ሐኪም ክፍል ሦስት ነው፣ ምድር ቤት። ወረድን። እሳቸው ወፍራም ደግ ሰውዬ ናቸው፤ ጠረጴዛቸው ላይ ሻይ፣ ጋዜጣና ማኅተም ብቻ ነው ያለው። ወረቀቱን አዩና፣ «የእኔማ ምን ሥራ አለው እማማ፣ ሁለተኛው ሐኪም ከፈረሙ ማኅተም መምታት ነው፤ ሕፃንም ይመታዋል» አሉኝ። ወጣን። ዶክተሩ፣ «እሳቸው ካላደረጉበት እንዴት እቀድማቸዋለሁ? አለቃዬ ናቸው እኮ» አለ። ወረድን። ዋናው፣ «እሱ ካልፈረመ በምን ላይ ላትም? እኔ የመረመርኩት ሰው የለም» አሉ። ልቧ ደክሟል ብለው በጻፉላት ወረቀት ልጄን ስንት ጊዜ ደረጃ እንዳስወጧት ቁጠሩልኝ! በሦስተኛው ዙር ታች አግዳሚው ላይ አስቀመጥኳትና ብቻዬን ወጣሁ። አግዳሚዎቹ አራት አራት ወንበር በአንድ ብረት የተበየዱ ናቸው፤ አንዱ ሲነሳ ሌላው ይነጥራል። እኔ ስነሳ ጫፍ ላይ የተቀመጠው ሽማግሌ ብድግ ብሎ ተመልሶ ተቀመጠ።

«እናቴ፣ ሕጉን አያውቁትም» አለኝ ዶክተሩ፣ ለብቻዬ ሲያየኝ።

«ሕጉን አላውቅም» አልኩት። «አንተን ግን አወቅሁህ።»

ይህን ብዬ ወጣሁ፤ ደረጃው መሐል ደርሼ ነው ንግግሬ አንዳች እንዳልጠቀመ የገባኝ። ደስ ይላል ግን። ጥሩ ቃል ተናግሮ በር መዝጋት ደስ ይላል። ችግሩ ልጄ አሁንም ታች መቀመጧ ነው፣ ሰዓቱም ስድስት ተኩል መሆኑ ነው፣ ዛሬም ዛሬ መሆኑ ነው።

ሁሉም ለምሳ ሊወጣ ሲል አንዲት ወጣት ሠራተኛ መጥታ ልጄን የደም ግፊት ልትለካ ወሰደቻት። ጸሐፊዋም ዓይኗን ከስልኳ ሳታነሳ ቅጹንና የማኅተም ቀለሙን በመስኮቱ ገፋችልኝ። «እስከዚያው የምስክሩን ይጨርሱት እማማ። ፊርማ ወይም አሻራ፣ ምስክር የሚለው ላይ። ይችላሉ አይደል?» ከኋላዬ ስድስት ሰው ተሰልፏል። «ለምን አልችልም?» አልኩ፣ ትንሽ ጮክ ብዬ። ወረቀቱን ራቅ አድርጌ ያዝኩት፣ ግንባሬን ቋጠርኩ፣ እንደሚያነብ ሰው ከንፈሬን አንቀሳቀስኩ። አንድ ሳጥን ውስጥ ተጭሯል፤ የአንደኛው ሐኪም እንደሆነ ገመትኩ። አንድ ክብ አለ፤ እሱ ለማኅተሙ ነው፣ ክብ የሚሞላው ክብ ነው። ታች፣ ከልጄ ፊርማ አጠገብ አንዲት ቀጭን ሰረዝ አለች፤ ጠርዝ መሰለችኝ፣ ልብስም ጠርዝ አለው። መሐል ላይ ደግሞ አንድ ትልቅ፣ ንጹሕ፣ ባዶ ሳጥን። ከልጄ ጋር ከጠዋት ጀምሮ የተንከራተትኩት እኔ፣ የወለድኳት እኔ፣ በዚህ ወረቀት ላይ ከማንም ያነሰ ቦታ ሊሰጠኝ የሚችልበት ምክንያት አልታየኝም። አውራ ጣቴን ቀለሙ ላይ ነከርኩና ትልቁ ሳጥን እምብርት ላይ አሳረፍኩት። መርፌ ሃምሳ ዓመት የወጋው ጣት ስለሆነ እንደ ሌላው ሰው አሻራ ክብ ክብ እየሠራ አይወጣም፤ የተምታታ፣ የተቆራረጠ፣ የትልቅ ሰው ፊርማ የሚመስል ነገር ወጣ። ጸሐፊዋ በተቀባ ጥፍሯ ጫፍ ወደ አቃፊው ስባ፣ ከሌሎች ሃያ ወረቀቶች ጋር ዘጋችበት።

ከምሳ በኋላ የሆነውን በዓይኔ አይቻለሁ፤ የክፍል ሦስት በር ክፍት ነበር። ዋናው ሐኪም በግራ እጃቸው ስልክ ይዘው ስለ መኪናቸው ጎማ ይነጋገራሉ፣ በቀኛቸው ይመታሉ። «አይ፣ የኋላው ነው» ጧ! «አዲስ እኮ ነው፣ ገና ስድስት ወሩ» ጧ! አንዱንም ቀና አድርገው አላዩም። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ጸሐፊዋ አቃፊውን ይዛ የልጄን ስም ጠራች። ልጄ እንደ ተማሪ ብድግ አለች፤ ሽማግሌው እንደገና ነጠረ። «አለቀልሽ፣ አራተኛ ፎቅ ሂጂ፣ ፋይሉን እኔ እልከዋለሁ» አለቻት። «ዶክተሩ ፈረሙ ማለት ነው?» ብላ ጠየቀቻት ልጄ። «ሳይፈርሙ ማኅተም ይመታል እንዴ?» አለቻት ጸሐፊዋ። ልጄ ዞር ብላ አየችኝ። አሥራ ሁለት ሳምንት ሙሉ እንዲህ አላየችኝም ነበር። እኔም፣ እውነቱን ልናገር፣ አፌን ፈርቶ ነው የፈረመው ብዬ አሰብኩና ኮራሁ። አራተኛ ፎቅ የወጣሁት እንደ ኮረዳ ነው።

አራተኛ ፎቅ ያለችው ነርስ መነጽሯ እንደ ብርጭቆ ቂጥ የወፈረ፣ ልጅ አሳድጋ የጨረሰች የምትመስል ሴት ናት። ልጄን የሆስፒታል ቀሚስ አልብሳ፣ አልጋ ላይ አስተኝታ፣ ክንዷ ላይ መርፌ ሰክታ፣ ከዚያ ተቀምጣ ፋይሉን ማንበብ ጀመረች። በዚያ ቀን፣ በዚያ ሕንፃ ውስጥ፣ ወረቀት ሲያነብ ያየሁት ሰው እሷን ብቻ ነው። ጣቷን ከየመስመሩ ሥር እያስኬደች አነበበች። መሐል ላይ ስትደርስ ጣቷ ቆመ። መነጽሯን አውልቃ ጠረገችው፤ መልሳ አደረገችው።

«ይህ የማን አሻራ ነው?»

«የእኔ» አልኩ፣ ቀና ብዬ።

«እርስዎ ሐኪም ነዎት?»

«ምን?»

«እዚህ ላይ እንዲህ ይላል» አለችና ጮክ ብላ አነበበችው። «‹እኔ ሁለተኛው ሐኪም ታካሚዋን በሚገባ መርምሬ፣ የአንደኛውን ሐኪም ውሳኔ በሙያዬ አረጋግጬ ፈርሜያለሁ።› ከሥሩ የእርስዎ አውራ ጣት አለ። ከሱ ቀጥሎ ደግሞ የዋናው ሐኪም ማኅተም። የምስክሩ ቦታ ግን ባዶ ነው።» ከዚያ ሳቋ መጣባት፤ ከንፈሯን ነክሳ ያዘችው፤ ሰዓቱን ስታይ ሳቁ ራሱ ጠፋ። አሥር ሰዓት ከሩብ። ቅጹ እንዲህ ሆኖ ከቀረበ ሥራው አይጀመርም። አዲስ ቅጽ ከተሞላ ደግሞ አንደኛው ሐኪምም እንደገና መፈረም አለባቸው፤ እሳቸው በስድስት ሰዓት ወጥተዋል፣ የሚመለሱት ሰኞ ነው። ሰኞ ደግሞ አሥራ ሁለቱ ሳምንት ካለፈ ወዲያ ነው።

ልጄ አልጋው ላይ ሆና ሁሉንም ሰማች። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። «ለምን አላነበብሽውም» አላለችኝም፤ ለምን እንዳላነበብኩት ታውቃለች። «ለምን አልጠየቅሽም» አላለችኝም፤ ለምን እንዳልጠየቅሁም ታውቃለች። ጣሪያውን አየች፤ እጇን ደረቷ ላይ አደረገች። የዚያች ቀሚስ እጅጌ ስፌት እስከ ብብቷ ተተርትሯል። እኔ ልጅ ይዤ ሆስፒታል የመጣሁ እናት፣ አራት ፊደል ያለበት ቃል መለየት ስላቃተኝ፣ አለመቻሌንም ስድስት ሰው እንዳይሰማብኝ ብዬ፣ ልጄን ልገድላት ነው።

ነርሷ ብድግ አለች። «ወረቀቱ ከዚህ ክፍል አይወጣም፤ ክልክል ነው» አለችና ወረቀቱን ጠረጴዛው ጠርዝ ላይ፣ እኔ አጠገብ አስቀመጠችው። «እኔ ታች ወርጄ ፎጣ አመጣለሁ። ፎጣ ክፍል ሰልፍ አለ፤ ሃያ ደቂቃ ይፈጅብኛል። ስመለስ ወረቀቱን እዚሁ ካገኘሁት፣ ወጥቶ ነበር አልልም።» ሄደች። እኔም ወረቀቱን ደረቴ ውስጥ ከትቼ ወረድኩ። በደረጃው ላይ የገፋኋቸው ሰዎች ይቅር ይበሉኝ።

ዶክተሩ ጋውኑን አውልቆ ኮቱን እያጠለቀ ነበር። «እማማ፣ ነገርኩዎት እኮ፣ ዋናው...» ብሎ ሳይጨርስ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁለት። አየው። ጎንበስ ብሎ አየው። «ይህ ምንድን ነው?»

«ማንበብ አልችልም» አልኩት። ለባዕድ ሰው ስናገረው የመጀመሪያዬ ነበር፤ ጥርሴ የወለቀ ያህል ተሰማኝ። «ማንበብ ስለማልችል ያንተ ቦታ ላይ አውራ ጣቴን አሳረፍኩ። ጸሐፊዋም አላየችም፣ አለቃህም አላዩም። አሁን እሳቸው ማኅተም አድርገዋል። እሳቸው ካደረጉ ዓይኔን ሳላሽ እፈርማለሁ ብለሃል። ዓይንህን አትሽ።»

ማኅተሙን በጣቱ ነካው፤ ቀለሙ ደርቋል። ተቀመጠ። ተነሳ። በሩን ዘጋ። «ቦታው ሞልቷል» አለ። «ጠርዙ ላይ አጥብበህ ጻፍ፤ እኔ ከዚህ ከጠበበ ጨርቅ ኪስ አውጥቻለሁ» አልኩት። «ሥርዓቱ ተገለባብጧል እኮ፣ እኔ መቅደም ነበረብኝ» አለ። «ቀድመህ ቢሆን ኖሮ እኔ ምን ጥልቅ አደረገኝ?» አልኩት። ኮቱን አወለቀ፤ ላብ አልቦታል። ከዚያ በቀስታ፣ እንደ ልጅ፣ «ባለፈው ዓመት ለአንዲት ሴት ፈርሜ ነበር» አለ። «ወሬው እናቴ ጆሮ ደረሰ። ሦስት ወር አላናገረችኝም። ለጎረቤት ሁሉ ‹ልጄን ለዚህ ነው ያስተማርኩት› እያለች... እናቴን አያውቋትም። አፏ...»

አፏ ምን እንደሆነ አልጨረሰውም። አላስጨረስኩትምም፤ አውቀዋለሁ። በዚህ ሁሉ ደረጃ ስወጣና ስወርድ፣ ሕጉን የሚፈራ፣ አለቃውን የሚፈራ መስሎኝ ነበር። ለካ የሚፈራው እኔን የመሰለች ሴትዮ ኖሯል። ከስፌት መኪናዋ ጀርባ ሆና ያየችውንም ያላየችውንም የምታወራ፣ አንደበቷ የተሳለ፣ በአፏ የምትኮራ አሮጊት። የዚህ ልጅ እናት ለማን ለማን እንዳወራች አየሁት፤ ያልዋልኩበት ቤት አይደለም። ወንበሩን ስቤ አጠገቡ ተቀመጥኩ።

«ልጄ እኮ በአንድ ቤት እየኖርን ደበቀችኝ» አልኩት። «አፌን ፈርታ። ገና ድሮ ብትነግረኝ ገና ድሮ እንመጣ ነበር፣ ዛሬ እዚህ ደረጃ ለደረጃ አንሯሯጥም ነበር። የእናትህን ስልክ ስጠኝ። እኔ አነጋግራታለሁ።»

«ምን ብለው?»

«እሱን ለእኛ ተወው። እኔና እሷ አንድ ቋንቋ ነው የምንናገረው።»

ስልኩን አልሰጠኝም። እስክሪብቶውን ግን ካወለቀው ጋውን ጎባጣ ኪስ አወጣ፣ ክዳኑን ከፈተ፣ እኔ ትንፋሼን ያዝኩ፣ አልዘጋውም። ከአውራ ጣቴ ጎን፣ በጠባቧ ነጭ ቦታ ላይ፣ ስሙን ጉንዳን በሚያህል ፊደል ጻፈ፤ ፈረመ፤ ቀኑን ጻፈ። ከዚያ ምን እንደነካው እንጃ፣ «ስሜ በደንብ ይነበባል?» ብሎ ጠየቀኝ። ከጠየቀ በኋላ ገባውና ደነገጠ። ከዚያ ሁለታችንም ሳቅን። በዚያ ሕንፃ ውስጥ የመጀመሪያው ሳቅ ይመስለኛል።

አራተኛ ፎቅ ስደርስ ነርሷ ፎጣ ታቅፋ በሩ ላይ ቆማለች። ወረቀቱን ከደረቴ አወጣሁ፤ ትንሽ ሞቆ ነበር። ጣቷን እያስኬደች ከላይ እስከ ታች አነበበችው። «ሐኪሙ አለ። ማኅተሙ አለ። የሷ ፊርማ አለ» አለች። ከዚያ እጄን ይዛ አውራ ጣቴን ቀለም አስነክታ፣ ጠርዝ የመሰለችኝ ቀጭን ሰረዝ ላይ ራሷ አሳረፈችው። «እዚህ ነው ምስክር። ይኸውና ምስክርም ሆኑ፣ ሐኪምም ሊሆኑ ትንሽ ቀርቶዎት ነበር።» ግድግዳው ላይ ያለው ሰዓት ለአሥራ አንድ አሥር ጉዳይ ይላል። አልጋውን መግፋት ሲጀምሩ ልጄ እጄን ፈለገች፤ ቀለም የነካውን ጣቴን ያዘችና የሷም ጣት ጠቆረ። በሩ ተዘጋ።

ከዚያ በኋላ ያለውን ሰዓት አላወራውም። ቁጭ ብዬ ወለሉን ሳይ ነበር። ወለሉ የጡብ ንጣፍ ነው፣ አንዱ ጡብ ተነስቷል፤ አምስት ጊዜ በጫማዬ መልሼ ገጠምኩት፣ አምስት ጊዜ ተነሳ። በሩ በተከፈተ ቁጥር ልብ የሚባለው ነገር የእኔም እንደሚቆም አወቅሁ። በመጨረሻ ነርሷ ወጥታ፣ «በደህና ተጠናቋል፤ ልቧም እንደ ሰው እየመታ ነው» አለችኝ። «እንደ ሰው» ያለችው እንደ ጤነኛ ሰው ለማለት ነው፤ ሌላ ጊዜ ቢሆን፣ ዱሮስ ምን መስላሽ ነው ብዬ እቆጣት ነበር። ያኔ ግን ጉንጯን ሳምኳት፤ መነጽሯ አፍንጫዬን መታኝ።

ፀሐይ ገና ሳትጠልቅ ስድስት አልጋ ወዳለበት ክፍል ወሰዷት። ገርጥታለች፣ ግን ዓይኗ ተገልጧል። «እማዬ፣ ልጆቹስ?» አለች። «አባታቸው አለ፤ ዛሬ አንድ ቀን ቤቱን በውሃ ያጥለቅልቀው» አልኳት። ልትስቅ ፈለገች፣ አመማት፣ ተወችው። «አንቺ...» ብላ ጀመረች። «ነገ» አልኳት። «ነገ የፈለግሽውን ትይኛለሽ።»

ነርሷ ሌላ ወረቀት ይዛ መጣች። የአስታማሚ ነው፤ ከታካሚ ጋር የሚያድር ሰው ካልፈረመ ማደር አይፈቀድለትም። እስክሪብቶና ቀለሙን አቀረበችልኝ። የስድስቱም አልጋ ሰው ይሰማ ነበር። «አንብቢልኝ፣ እኔ አልችልም» አልኳት፣ ድምፄን ሳልቀንስ። ልጄ ትራሷ ላይ ዞር ብላ አየችኝ። ነርሷ ከመጀመሪያው ጀምራ አነበበችልኝ። አስታማሚዋ ከአልጋው ብዙ አትርቅም። አስታማሚዋ ከታካሚዋ ምግብ አትበላም። አስታማሚዋ አልጋው ላይ አትተኛም። አስታማሚዋ ታካሚዋን አታስጨንቅም፣ አትቆጣም፣ በክፍሉ ውስጥ ስለ ሌሎች ታካሚዎች ወሬ አታወራም።

«የመጨረሻውን ድገሚልኝ» አልኳት።

ደገመችልኝ።

«እሱን ሰርዢው። የማልፈጽመውን ነገር አልፈርምም።»

«የታተመ ነው እኮ እናቴ፣ አይሰረዝም» አለች።

ልጄን አየኋት። አገጯ ድረስ ብርድ ልብሱን ስባ፣ ምን እንደምል ትጠብቃለች። ከጎኗ ያሉትም አልጋዎች ይጠብቃሉ።

«እንግዲያው ‹ለዛሬ ማታ ብቻ› በይበት» አልኩ። ነርሷ በእስክሪብቶ ጻፈችበት፤ የጻፈችውንም አነበበችልኝ፤ ልክ ነበር። ፈረምኩ።